ከመደብ ተነሥቶ ስለ መቆም

ሰው በጤናው ሳለ ቆሞ መሄድን እንደ ቀላል ነገር ይቈጥረዋል፤ ዋጋውን የሚያውቀው ባጣው ጊዜ ነው። በአንጎል ውስጥ ያለው የደም ሥር ሲደፈን ወይም ሲፈነዳ የሚመጣው፣ ሐኪሞች ስትሮክ የሚሉት ደዌ፣ በጥቂት ደቂቃ የሰውን ግማሽ አካል ያሰንፋል። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ እንኳ በ1902 ዓ.ም. ይኸው ደዌ ከጠናባቸው በኋላ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ወደ ቀድሞ ኃይላቸው አልተመለሱም።

ዛሬ ግን ሌላ ተስፋ አለ። የሞተው የአንጎል ክፍል ተመልሶ ባይነሣም፣ በሕይወት የቀረው ክፍል የጠፋውን ሥራ በመደጋገም ሊማር እንዲችል ታውቋል። ፊዚዮቴራፒ የተባለው የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና የቆመው በዚህ መሠረት ላይ ነው።

የሰውነት ሚዛን በጡንቻ ብቻ አይጠበቅም። ዓይን ያያል፤ የውስጥ ጆሮ የራስን መዘንበል ይለያል፤ እግር መሬቱን ይዳስሳል፤ አንጎልም የሦስቱን ወሬ ሰብስቦ ለአካል ያዛል። ይህ ሥርዓት ሲፈርስ ሕመምተኛው በደኅናው እግር ብቻ ይደገፋል፤ ይወድቃልም። የወደቀ ይፈራል፤ የፈራ አይነሣም፤ ያልተነሣም ከቀን ወደ ቀን ይደክማል።

ስለዚህ ባለሙያው ከታች ይጀምራል። አስቀድሞ ያለ ድጋፍ መቀመጥን፣ ቀጥሎ ከወንበር መነሣትን፣ ከዚያም ክብደትን ወደ ደካማው እግር ማሳለፍን፣ ራቅ ያለ ዕቃ ማንሣትን፣ በመጨረሻም ደረጃ መርገጥን ያለማምዳል። ነገር ግን መቸኰል አይገባም፤ ከ2000 በላይ ሕመምተኞች የተካፈሉበትና በ2007 ዓ.ም. የታተመ ምርመራ፣ በመጀመሪያው ቀን አብዝቶ ማስነሣት እንደሚጎዳ አሳይቷል። ጊዜውንና ልኩን የሚወስነው ሐኪም ነው።

በሰሜን ወሎ የሚከብደው ይህን ልምምድ ዕለት ዕለት ማድረስ ነው። ከመርሳ እስከ ወልድያ ያለው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሀብሩ ገጠር ያለው ሕመምተኛ ግን እስከ መንገዱ ድረስ ሰው ሊሸከመው ያስፈልጋል። በየቀኑ ወደ ሐኪም ሊመላለስ ስለማይችል፣ የሕክምናው ትልቁ ክፍል በቤተ ሰቡ እጅ ይወድቃል። ልጅ ወይም ባለቤት ከባለሙያው ሊማሩ ይገባል፤ ይኸውም በደካማው ጎን ቆሞ መደገፍን፣ ትከሻውም እንዳይወልቅ የሰነፈውን እጅ አለመጎተትን ነው።

በዚህ ረገድ የካህናት ቃል እጅግ ይጠቅማል። በማኅሌት ሌሊቱን ቆሞ ማደር በልምድ የሚገኝ መሆኑን፣ መቋሚያም ለደከመ አካል ምን ያህል እንደሚያግዝ ከእነርሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ሕመምተኛን ሲጠይቁ፣ አስተኝቶ ማጉረስ ብቻ ርኅራኄ አለመሆኑን ለቤተ ሰቡ ይምከሩ፤ ጠበል የሚጠመቀውም መድኃኒቱንና ልምምዱን እንዳያቋርጥ ያስገንዝቡ። የሼኮች ምክርም እንዲሁ ይሰማል።

የሹማምንት ድርሻ ደግሞ ሌላ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎችን ያስተምራል፤ የተማሩት ወደ ወረዳ እንዲደርሱ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ልምምዱን በየቤቱ እንዲከታተሉ፣ በመሥሪያ ቤት ደረጃዎችም የእጅ መደገፊያ እንዲኖር ማድረግ የእነርሱ ሥራ ነው።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። ትናንት በራሱ ያልተቀመጠ ሰው ነገ እስከ ደጁ ቢራመድ፣ ያ ጥቂት እርምጃ ለእርሱም ለቤቱም ታላቅ ሀብት ነው።