የቡና ማሽን በምን ይታጠብ?

በጅማ፣ በአጋሮና በሊሙ ገነት ያሉ የእሸት ቡና መፈልፈያዎች በዓመት የሚሠሩት ለጥቂት ወራት ነው። ከመስከረም ወዲህ ቡናው መቅላት ሲጀምር ይነሣሉ፤ ለቀማው ሲያልቅ ደግሞ እስከ ቀጣዩ ዓመት ቆመው ይከርማሉ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ኩሽኔታው ላይ የቀረው ግራሶ ከአቧራና ከደረቀ የቡና ገለፈት ጋር ተጋግሮ ጥቁር ቅርፊት ይሠራል። ስለዚህ ወቅቱ ሲቃረብ ማሽኑ ይፈታል፤ ማርሹም ብሎኑም በተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ ባለ ቤንዚን ወይም ናፍጣ ይነከርና በብሩሽ ይፈተጋል። የባጃጅና የመኪና ጋራዦች ዓመቱን ሙሉ የሚያደርጉትም ይህንኑ ነው። ይህ ልማድ በሙቅ ውሃና በሳሙና ሊተካ ይችላል፤ መተካትም አለበት። እንደ እኔ እምነት ግን መጀመር ያለበት ከጋራዡ ሳይሆን ከቡና ማሽኑ ነው።

ጥያቄው በዓለም ላይ አዲስ አይደለም። በኢንዱስትሪ አገሮች ብረትን ከቅባት ለማጽዳት ለአሥርት ዓመታት ያገለገለው ትራይክሎሮኢትሊን የተባለው ፈሳሽ ነበር። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2012 ገምግሞ በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉት ተርታ መደበው፤ የአውሮፓ ኅብረትም ከ2016 ጀምሮ ያለ ልዩ ፈቃድ እንዳይሠራበት ከለከለ። ብዙ ፋብሪካዎች ወደ ሙቅ ውሃና ማጽጃ የዞሩት እንዲህ ባለ ግፊት ነው። የእኛ ሠራተኛ እጁን የሚነክርበት ቤንዚንም ቢሆን የደም ካንሰር በማስከተል የሚታወቅ ውህድ በውስጡ አለ። በዚያ ላይ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ በሆነ ቅዝቃዜ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ያወጣል። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ሽቅብ አይወጣም፤ ወለል ለወለል ተስቦ ጥግ ላይ ያለ የከሰል ምድጃ ጋ ይደርሳል።

ይህ ሁሉ ለማንኛውም ከተማ ይሠራል። ለጅማና ለአካባቢዋ የሚጨመረው ነገር ቡና ሽታ የሚስብ መሆኑ ነው። በደንብ ያልደረቀ ኩሽኔታ ላይ የቀረ ናፍጣ ከማሽኑ ከበሮ አጠገብ ነው ያለው፤ በከበሮው ሥር ደግሞ ገና ገለፈቱ የተላጠ እርጥብ ቡና ያልፋል። ገበሬው ለቅሞ፣ አጥቦና አስጥቶ ያደረሰውን ቡና ቀማሹ በአንድ ጉንጭ «የነዳጅ ሽታ አለው» ብሎ ሊጥለው ይችላል። ቡና ከዕቃው ምን ያህል እንደሚወስድ የጆንያ ታሪክ ይመሰክራል። የጁት ቃጫ ሲፈተል እንዲለሰልስ የማዕድን ዘይት ይቀባ ነበር፤ ይህ ዘይት ወደ ምግብ እየገባ በማስቸገሩ ዓለም አቀፉ የጁት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው መስፈርት ለቡናና ለካካዎ የሚሆን ጆንያ ወደ ሳሙና የማይለወጥ ቅባቱ በኪሎ ከ1,250 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ወሰነ። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2008 በኢትዮጵያ ቡና ላይ የፀረ ተባይ ቅሪት አግኝታ ግዢዋ ሲያሽቆለቁልም የአገራችን ባለሥልጣናት የጠረጠሩት እርሻውን ሳይሆን ጆንያውን ነበር። ለጆንያ ይህን ያህል የተጨነቅን ሰዎች ቡናው የሚያልፍበትን ብረት በነዳጅ ማጠባችን አይገባኝም።

መካኒኮች የሚያነሡት መከራከሪያ ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። አንደኛው «ውሃ ብረት ያዝጋል» የሚለው ነው። እውነት ነው፤ በቀዝቃዛ ውሃ አጥቦ እርጥቡን ያስቀመጠ ሰው በማግሥቱ ዝገት ያገኛል። ውሃው በደንብ ከሞቀ ግን ብረቱ ራሱ ሙቀት ይዞ ስለሚወጣ ቶሎ ይደርቃል፤ ወዲያው ዘይት ከተቀባ ዝገት ጊዜ አያገኝም። ሁለተኛው «ሳሙና የሞተር ግራሶ አይነቅልም» የሚል ነው። ግራሶውን በመጀመሪያ በእንጨት መፋቅ፣ ከዚያ በሙቅ ውሃና በማጽጃ መዘፍዘፍ፣ ከዚያ መፈተግ ያስፈልጋል፤ ሥራው ከቤንዚን ይልቅ ይዘገያል። ጋራዥ ውስጥ ባለቤቱ ቆሞ ሲጠብቅ ይህ መዘግየት ገንዘብ ነው። ለወራት ቆሞ ለከረመ መፈልፈያ ግን አንድ ቀን መዘፍዘፍ ምንም አያጎድልበትም፤ ከቡና ማሽኑ እንጀምር የምለውም ለዚህ ነው። ጥንቃቄ የሚሹ ነገሮችም አሉ፦ ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየምን ይበላል፤ የታሸገ ኩሽኔታም መዘፍዘፍ የለበትም።

ከሁሉም የሚከብደኝ ሦስተኛው ነው፦ እጣቢው የት ይሄዳል? የአዌቱ ወንዝ ጅማን መሐል ለመሐል አቋርጦ ወደ ቦዬ ረግረግ ይወርዳል። የመፈልፈያዎች ፍሳሽ ወንዞችን እንደሚጎዳ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲያጠኑ ኖረዋል፤ አዋጅ ቁጥር 300/1995ም ብክለትን ይከለክላል። ዘይትን ከውሃ ጋር አዋህዶ የሚያስቀር ማጽጃ ተጠቅሞ ወደ ቦይ መድፋት ችግሩን ከሠራተኛው ሳንባ ወደ ወንዙ ማዛወር ነው። ፍሳሽ ለማጣራት ቬቲቨር ሣር የተተከለባቸው የመፈልፈያ ጣቢያዎች አሉ፤ ሣሩ የተተከለው ግን ለቡናው ፍሳሽ እንጂ ለግራሶ አይደለም። ስለዚህ ሲያድር ዘይቱን ለቅቆ ወደ ላይ የሚያንሳፍፍ ማጽጃ መምረጥ፣ እጣቢውን በበርሜል ማሳደር፣ የሰፈፈውን ዘይት ለብቻ መቅዳትና ያንኑ ውሃ አሙቆ ደጋግሞ መጠቀም ያስፈልጋል። የሰፈፈው ዘይት ከተቃጠለ የሞተር ዘይት ጋር ሊጠራቀም ይችላል፤ በርሜሉ ሥር የሚዘቅጠው ጭቃ ግን ለከተማም ሆነ ለወረዳ ጽሕፈት ቤቶች የሚተው ጥያቄ ነው፤ አንድ ጣቢያ ብቻውን የሚያስወግድበት ቦታ የለውምና።