አሲድ የተሸከመው ዶቃ

መርፌ ከመወጋታችን በፊት ነርሷ በጥጥ ቆዳችንን የምትጠርግበት ቀዝቃዛ ፈሳሽ ብዙ ጊዜ አይሶፕሮፒል አልኮል ነው። የፊንጫና የመተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ከሞላሰስ የሚያወጡት ኤታኖል የእርሾ ሥራ ነው፤ ይህኛው ግን በአብዛኛው ከነዳጅ ዘይት የሚገኝ ፕሮፒሊን የተባለ ጋዝ ውጤት ነው። ፕሮፒሊን ከአልኬኖች ወገን ነው፤ ማለትም ከካርቦኖቹ ሁለቱ በድርብ ትስስር ተያይዘዋል። በዚያ ትስስር ላይ አንድ የውሃ ሞለኪውል ሲጨመር ጋዙ አልኮል ይሆናል።

ወረቀት ላይ ሲጻፍ ቀላል ነው። ውሃና ፕሮፒሊን ብቻቸውን ቢገናኙ ግን አይነካኩም፤ የሚያገናኛቸው አሲድ ያስፈልጋል። በ1920 እ.ኤ.አ. ስታንዳርድ ኦይል ኦፍ ኒው ጀርሲ ይህን አልኮል በፋብሪካ ማምረት ሲጀምር የተጠቀመው ሰልፈሪክ አሲድን ነበር። አሠራሩ አድካሚ ነው። ጋዙ መጀመሪያ ከጠንካራ አሲድ ጋር ይዋሐዳል፣ ውሃ ይጨመርበታል፣ ከዚያ አልኮሉ በማፍላት ይለያል። የሚቀረው በውሃ የቀጠነ አሲድ ስለሆነ ዳግም ለሥራ ለማብቃት ውሃውን አትንኖ ማስወጣት ግድ ነው፤ ለዚህ የሚነደው ነዳጅ ብዙ ነው። ትኩሱ አሲድ ደግሞ ቧንቧውንም ታንከሩንም ይበላል።

መፍትሔው የተገኘው አሲዱን በመተው ሳይሆን አንድ ቦታ በማሰር ነው። በ1940ዎቹ አሜሪካዊው ኬሚስት ጋኤታኖ ዲአሌሊዮ አሲድ የተሸከመ የፖሊስታይሪን ሬዚን ሠራ። ሬዚኑ በሰፊው የታወቀው ውሃን ከካልሲየምና ከማግኒዚየም በማጥራት ሥራ ነው፤ ካታሊስትነቱ፣ ማለትም ራሱ ሳያልቅ ምላሽን የማፋጠን ሥራው፣ ከዚያ ተከተለ።

ሬዚኑ የሚሠራው በትናንሽ ዶቃዎች መልክ ነው፤ አንዱን ዶቃ ቀረብ ብለን እንየው። ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማይተልቅ ክብ ነገር ነው። ገላው ፖሊስታይሪን ቢሆንም ሰንሰለቶቹ ዲቫይኒልቤንዚን በሚባል ሞለኪውል እርስ በርስ ስለተቆላለፉ ውሃ ውስጥ ያብጣል እንጂ አይሟሟም። በሰንሰለቶቹ ላይ በተደረደሩት ባለ ስድስት ካርቦን ቀለበቶች የሰልፎኒክ አሲድ ቡድኖች ተተክለዋል። አምበርሊስት 15 የተባለውን ዓይነት ብንወስድ፣ አንድ ኪሎ ደረቅ ዶቃ ከ200 ግራም በላይ ሰልፈሪክ አሲድ ሊሰጥ የሚችለውን ያህል ፕሮቶን ይዟል። ውስጡ በረቂቅ ቀዳዳዎች የተሞላ ነው፤ ሥራው የሚሠራውም እዚያ ነው። ፕሮፒሊኑ ወደ ቀዳዳው ገብቶ አንድ ፕሮቶን ይቀበላል። ፕሮቶኑ የሚያርፈው ጫፍ ላይ ባለው ካርቦን ስለሆነ መካከለኛው ካርቦን ኤሌክትሮን ይጎድለዋል። ውሃ እዚያ ጉድለት ላይ ይጣበቃል፤ ወዲያውም አንድ ፕሮቶን ይለቃል፣ አሲዱም የሰጠው ይመለስለታል። ፕሮቶኑ ጫፍ ላይ ባለው ካርቦን የማረፉን ሥርዓት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስተዋለው ሩሲያዊው ቭላድሚር ማርኮቭኒኮቭ ነው።

በ1972 እ.ኤ.አ. ዶይቸ ቴክሳኮ ጀርመን ውስጥ ሜርቤክ ላይ ፕሮፒሊንን በእነዚህ ዶቃዎች ወደ አልኮል የመለወጡን ዘዴ በፋብሪካ ደረጃ ሥራ ላይ አዋለ። ፈሳሽ ውሃና የፕሮፒሊን ጋዝ ከላይ ገብተው በዶቃዎቹ ክምር መካከል አብረው ይወርዳሉ። ሙቀቱ ከ130 እስከ 160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ግፊቱ ከ80 እስከ 100 ባር ነው። ከታች የሚወጣው አልኮል ያለበት ውሃ ነው፤ ካታሊስቱ ግን ከቦታው አይነቃነቅም። ለእኔ የዚህ ፈጠራ ትልቁ ውለታ ይህ ነው፤ ያ ሁሉ የቀጠነ አሲድ፣ እሱን ለማጠንከር የሚነደው ነዳጅም ቀረ። ቡቲን የተባሉት አልኬኖችም በዚሁ መንገድ ወደ አልኮል ይለወጣሉ። ኤቲሊን የተባለው አልኬን ግን አይመችም። ፕሮቶን በቀላሉ ስለማይቀበል ወደ 300 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ለእሱ የሚሠራበት ሲሊካ ላይ የተቀባ ፎስፎሪክ አሲድ ነው።

የዶቃው ድካም ሙቀት ነው። ምላሹ ራሱ ሙቀት የሚያወጣ ስለሆነ፣ አልኮሉ በብዛት እንዲገኝ ዝቅ ያለ ሙቀት ይሻላል፤ በጣም ዝቅ ሲል ደግሞ ሥራው ይንቀራፈፋል። ከፍ ሲል የሰልፎኒክ ቡድኖቹ ከቀለበቱ እየተላቀቁ ሰልፈሪክ አሲድ ሆነው ከውሃው ጋር ይወጣሉ። ዶቃው በየወሩ ይዳከማል፤ በሚወጣው ውሃ ውስጥ ያለው አሲድም ገለልተኛ መደረግ አለበት፤ አለዚያ የቧንቧው ችግር ተመልሶ ይመጣል። አምበርሊስት 15 የሚችለው እስከ 120 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ይህም ከላይ ከጠቀስነው የፋብሪካው ሙቀት በታች ነው። በቀለበቱ ላይ ክሎሪን የተጨመረበት አምበርሊስት 70 ግን እስከ 190 ዲግሪ ይዘልቃል፤ ክሎሪኑ የሰልፎኒክ ቡድኑ በቀላሉ እንዳይላቀቅ ያግዛል።