ስለ ባለቀለም ስላይድ ፊልምና ስለ ብርሃን አለካክ

ለጥናት ወደ ገጠር የሚወጣ ተማሪ ደብተርና ካሜራ ይይዛል። የደብተሩ ማስታወሻ ቢሳሳት ባለጉዳዩን ጠይቆ ማረም ይቻላል፤ የተበላሸ ስላይድ ግን አይታረምም። ይህን የተማርነው በገዛ ጥፋታችን ስለ ሆነ፥ ለባልንጀሮቻችን ይጠቅማል ብለን ምክንያቱንና መድኃኒቱን ባጭሩ እናስረዳለን።

ስለ ጥለት ዐይነቶች ስናጠና አንዲት ባልቴት ከእናታቸው የወረሱትን የሐበሻ ቀሚስ ለአንድ ቀን ፈቀዱልን። ቀሚሱን በጠቆረ የጭቃ ግድግዳ ላይ ሰቅለን በፀሐይ አነሣነው። ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ ግድግዳው ጥርት ብሎ ይታያል፤ ቀሚሱ ግን ባዶ ሆኗል፤ የጥለቱ ቢጫ ክር ከነሐረጉ ጠፍቷል። ተመልሰን ብንሄድ ቀሚሱ ለልጅ ልጆች ልብስ ተቀዶ ቆየን።

ጥፋቱ ከምን መጣ? በኔጋቲቭ ፊልም የተነሣ ሥዕል በወረቀት ሲታተም ብርሃኑ ዳግመኛ ይስተካከላል። ስላይድ ግን በካሜራው ውስጥ የነበረው ፊልም ራሱ ነው። ሲታጠብ በመጀመሪያ ብርሃን የነካው የብር ጨው ወደ ጥቁር ብርነት ይለወጣል፤ ቀለም የሚይዘው ከዚህ በተረፈው ጨው ፈንታ ነው፤ በመጨረሻም ብሩ ታጥቦ ይወጣል። እንግዲህ ብርሃን በበዛበት ቦታ የተረፈ ጨው ስለሌለ ቀለምም አይኖርም፤ ፊልሙ እንደ መስተዋት ይጠራል። የጨለመ ስላይድ በመጠኑ ይረዳ ይሆናል፤ የጠራው ግን ምንም የለበትም።

የብርሃን መለኪያም የሚለካው ዕቃ ነጭ ይሁን ጥቁር አያውቅም። ሁሉንም ከሚወርድበት ብርሃን 18 በመቶ ያህል እንደሚመልስ ግራጫ ነገር ይቈጥራል። ስለዚህ የጠቆረውን ግድግዳ ግራጫ ለማድረግ ብርሃን ይጨምራል፤ ነጩ ልብስ ይቃጠላል። ነጭ ነጠላ ብቻውን ቢለካ ደግሞ ብርሃን ይቀንሳል፤ ነጠላው ይደበዝዛል፥ የለባሹም ፊት ይጨልማል።

መድኃኒቱ እንዲህ ነው። አንደኛ፥ ግራጫ ካርቶን በዕቃው ቦታ አቁሞ እርሱን መለካት። ካርቶን ከሌለ መዳፍን በዚያው ብርሃን ለክቶ የሌንሱን ቀዳዳ አንድ እርከን መክፈት ነው፤ መዳፍ ከግራጫው እጥፍ ያህል ብርሃን ይመልሳልና። ሁለተኛ፥ መለኪያ ከሌለ ፀሐይ ከኋላችን ሆና በጠራ ቀን፥ 100 ለሆነ ፊልም ቀዳዳውን 16፥ ፍጥነቱን 1/125 ሰከንድ ማድረግ። ሦስተኛ፥ ነጭ ልብስ ዋናው ጉዳይ ሲሆን ግማሽ እርከን መቀነስ። አራተኛ፥ ዳግመኛ የማይገኝ ነገር ሲሆን ሦስት ጊዜ ማንሣት፤ አንዱን በልኩ፥ አንዱን ግማሽ እርከን ከፍ፥ አንዱን ግማሽ እርከን ዝቅ አድርጎ።

እ.ኤ.አ. በ1935 የወጣው ኮዳክሮም በ2009 መሠራቱ ቀርቷል፤ ኤክታክሮም ግን በ2012 ተቋርጦ በ2018 ተመልሷል። የፊልሙ ስም ቢለዋወጥም የአለካኩ ሕግ ያው ነው።

ሦስት ፊልም ማጥፋት ብክነት የሚመስለው ሰው ቢኖር፥ የባልቴቲቱን ቀሚስ ያስብ። በዚያ ቀን ያተረፍናቸው ሁለት ፊልሞች ዛሬ ምንም አልጠቀሙንም።