አሮጌው ጌም አዲስ ቀለም ተቀብቶ ሲመጣ፤ ያዋጣል ወይስ ኪስ ያራግፋል?

ባለፈው ሰሞን የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ፀጉሩን ሊስተካከል ወጥቶ ወረፋው ቢረዝምበት ከጎን ወዳለ የፕሌይስቴሽን ቤት ጎራ ብሎ ነበር። ቤቱ አራት ቴሌቪዥንና አራት ማሽን፣ እንዲሁም በየጎሉ የሚጮሁ ወጣቶች የሞሉበት ነው። ሒሳቡ በጨዋታ ነው፤ የተሸነፈ ይከፍላል። ባለቤቱ ከዚህ ቀደም የሚያውቀኝ ሰው ነውና ወዲያው ጉዳዩን አዋየኝ። ዱባይ የሚሠራው ወንድሙ ለበዓል ሲመጣ ምን ላምጣልህ ብሎታል።

“ልጅ ሆነን የተጫወትናት ሳን አንድሪያስ ታድሳ ወጥታለች ይላሉ። ሦስቱም ክፍሎች በአንድ ላይ ናቸው አሉ። አንተ ኢኮኖሚክስ ተምረሃልና እስቲ ንገረኝ፤ ሰው ድሮ የተጫወተውን ገንዘብ ከፍሎ እንደገና ይጫወተዋል እንዴ?”

ጥያቄው የሰፈር ጥያቄ ይመስላል። ነገር ግን የጃፓንና የአሜሪካ ታላላቅ ኩባንያዎች አሥር ዓመት አልፏቸው በዚሁ ጥያቄ ላይ ብዙ ሚሊዮን ዶላር ሲያፈሱ ቆይተዋል። አንዳንዶቹ ወርቅ አፍሰዋል፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ስማቸውን አጥፍተዋል። ልዩነቱ የመጣው ከየት ነው? (እግረ መንገዳችንን፣ ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ካልተገለጸ በቀር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ቀለም ነው ወይስ ሞተር?

መኪና የሚያሻሽጥ አንባቢ ነገሩን ከሁላችን ይልቅ ያውቀዋል። አንዲት ዲኤክስ ቶዮታ ቦዲዋ ተስተካክሎ፣ ቀለም ተቀብታ፣ ወንበሯ ተለብዶ ለገበያ ስትቀርብ ሞተሯ ያው የድሮው ነው። በጌሙ ዓለም “ሪማስተር” የሚሉት ይህንን ነው። የድሮው ፕሮግራም እንዳለ ይቀመጥና ምስሉ ይጠራል፣ እንቅስቃሴው ይቀላጠፋል፣ ለአዲሱ ማሽን እንዲስማማ ይደረጋል። “ሪሜክ” የሚባለው ግን ሌላ ነው። እዚያ ከመኪናዋ የሚቀረው ስሟና የሰው ትዝታ ብቻ ሲሆን የቀረው ሁሉ ከሥር የሚገነባ ነው። ወጪውም እንደ አዲስ ጌም ነው። ነጋዴዎቹ ሁለቱን ቃላት አውቀውም ሆነ ሳያውቁ ስለሚያቀላቅሏቸው ገዢው ለቀለም የሞተር ዋጋ ሲከፍል ይታያል።

ለመሆኑ ይህ ገበያ ከየት መጣ? መነሻው የማሽኖቹ አለመግባባት ነው። ሶኒ በ2006 ያወጣው ፕሌይስቴሽን 3 “ሴል” በተባለ ለየት ያለ ፕሮሰሰር የሚሠራ ነበር። በ2013 የወጣው ፕሌይስቴሽን 4 ግን ውስጡ ከተራ ኮምፒውተር ጋር የተቀራረበ ስለነበር የቀድሞውን ዲስክ ማንበብ አልቻለም። በ60 ዶላር ዲስክ የገዛ ደንበኛ አዲሱን ማሽን ሲገዛ አሮጌው ዲስክ የመደርደሪያ ጌጥ ሆኖ ቀረበት። “ዘ ላስት ኦቭ አስ” በሰኔ 2013 ለፕሌይስቴሽን 3 ወጣ። ዓመት ከአንድ ወር ያህል ቆይቶ በሐምሌ 2014 ታድሶ ለፕሌይስቴሽን 4 በ50 ዶላር ቀረበ። ሶኒ በዚያን ጊዜ የሸጠው የጠራ ምስል መስሎን ነበር። በእርግጥ የሸጠው የተዘጋውን በር ቁልፍ ነው።

ይህ ቁልፍ ግን ሁልጊዜ ተፈላጊ አይደለም። ማይክሮሶፍት በሰኔ 2015 ኤክስቦክስ ዋን የኤክስቦክስ 360 ጌሞችን እንደሚያጫውት፣ ዲስኩ ያለው ሰውም ዳግመኛ እንደማይከፍል አስታወቀ። ሁሉም ጌም ባይካተትም ዝርዝሩ እየረዘመ ሄደ። በ2020 የወጣው ፕሌይስቴሽን 5 ደግሞ የፕሌይስቴሽን 4 ጌሞችን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ይቀበላል። እንግዲህ አሮጌው ዲስክ በአዲሱ ማሽን ላይ በነፃ ከሠራ እድሳት የሚሸጠው ሰው ተፎካካሪው ማን ነው? የራሱ አሮጌ ዕቃ ነው።

የኒንቴንዶ ብልጠት

እድሳት ባለሀብቱን ምን ያህል ሊያበላው እንደሚችል ለማየት ከኒንቴንዶ የተሻለ ምስክር የለም። ኩባንያው በ2012 ያወጣው “ዊ ዩ” የተባለ ማሽን በገበያ ወድቆ 13 ሚሊዮን ተኩል ገደማ ብቻ ተሸጦ ቀረ። ለዚሁ ማሽን በ2014 የቀረበው “ማሪዮ ካርት 8” የተባለ የመኪና እሽቅድምድም ግን 8 ሚሊዮን ተኩል ያህል ተሸጧል። ከአሥር ባለ ማሽን ስድስቱ ገዝተውታል ማለት ነው። ዕቃው ግሩም ነበር፤ ሱቁ ግን ሰው የማይመጣበት ነበር።

በመጋቢት 2017 “ስዊች” የተባለው አዲስ ማሽን ገበያ ገባ። በሚቀጥለው ወር ያው እሽቅድምድም “ዴሉክስ” የሚል ቅጽል ተጨምሮለት፣ ጥቂት ነገሮች ታክለውበት፣ በዚያው በ60 ዶላር ዋጋ ቀረበ። ዋጋ አልተቀነሰለትም! ሽያጩም ከ60 ሚሊዮን ቅጂ አልፏል። እስቲ እንቁጠር። የፊተኛዎቹ ገዢዎች በሙሉ ደግመው ገዝተዋል ብንል እንኳ ከ50 ሚሊዮን በላይ የሚሆነው ገዢ የፊተኛውን ያልገዛ ነው። ለእነዚህ ሰዎች ጌሙ አሮጌ አልነበረም። ይህ የእድሳት ገበያ ዋናው ምስጢር ይመስለኛል፤ ትርፉ ያለው ድሮ ከገዛው ይልቅ ድሮ ሊገዛ ያልቻለው ሰው ዘንድ ነው።

ኒንቴንዶ ሌላም የመርካቶ ጨዋታ ያውቃል። በመስከረም 2020 ሦስት የድሮ የማሪዮ ጌሞችን አጣምሮ በ60 ዶላር አወጣና እስከ መጋቢት 2021 መጨረሻ ብቻ እንደሚሸጥ ተናገረ። ዕቃ ሊጠፋ ነው ሲባል ገዢው ምን እንደሚያደርግ ለዚህ ገጽ አንባቢ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። በነዚያ ጥቂት ወራት ወደ 9 ሚሊዮን ቅጂ ተሸጠ። ከሦስቱ አንዱ የነበረው “ማሪዮ ጋላክሲ” በጥቅምት 2025 ከተከታዩ ክፍል ጋር ተጣምሮ በ70 ዶላር ተመልሶ መጥቷል። ያኔ ተሻምቶ የገዛ ሰው ምን እንዳለ መገመት አያዳግትም።

ርካሽ የሚመስለው ወጪ

በወረቀት ላይ ሲታይ እድሳት ለባለሀብቱ ምቹ ነው። ታሪኩ ተጽፏል፣ ሙዚቃው ተቀርጿል፣ ስሙ ታውቋል፤ ዋናው ወጪ ድሮ ወጥቶ አልቋል። ይሁን እንጂ ብዙ ኩባንያዎች የራሳቸውን ዕቃ በወጉ አላስቀመጡም። ስኩዌር ኢኒክስ በ2002 የወጣውን “ኪንግደም ኸርትስ” በ2013 ሊያድስ ሲነሳ የመጀመሪያዎቹ የሥራ ፋይሎች ብዙዎቹ ጠፍተው ተገኙ። ሠራተኞቹ ለገበያ ከወጣው ጌም ውስጥ የሚወጣውን እያወጡ የጎደለውን እንደገና ለመሥራት ተገደዋል። ኮናሚም እንዲሁ “ሳይለንት ሂል” 2 እና 3ን በ2012 ሲያሳድስ ለአዳሾቹ ያስረከባቸው ያልተጠናቀቀ ፕሮግራም ነበር። ድሮ ታርመው የነበሩ ስህተቶች ሁሉ ተመልሰው መጡ። የዚያ ጌም ነፍሱ ጉሙ ነው፤ በእድሳቱ ጉሙ ስለተበላሸ የሥዕሉ ጠርዝ ራቁቱን ታየ። ካርታው የጠፋበትን ቤት ለማደስ የሞከረ ሰው ይህንን ይረዳል።

ጉም ካነሳን ዘንድ ወደ ባለ ፕሌይስቴሽን ቤቱ ጥያቄ እንምጣ። በ2001፣ በ2002 እና በ2004 የወጡት ሦስቱ የ“ግራንድ ቴፍት አውቶ” ጌሞች በኅዳር 2021 ታድሰው በአንድነት በ60 ዶላር ወጡ። የዓለም ገበያ ሲጠብቃቸው ነበር። ሲከፈቱ ግን የሰዎቹ ፊት እንደ ፕላስቲክ አሻንጉሊት ሆኗል፤ ዝናቡ ዓይን ይጋርዳል፤ የሱቆች ሰሌዳ ላይ ያለው ጽሑፍ ሳይቀር ተዛብቷል። ከሁሉ የሚገርመው የሳን አንድሪያስ ጉም ነው። የድሮው ማሽን አቅሙ አነስተኛ ስለነበር ሩቁን በጉም ይሸፍነው ነበር፤ በዚህም ምክንያት ሀገሩ ማለቂያ የሌለው ይመስላል። አዳሾቹ ማሽኑ አሁን ይችላል ብለው ጉሙን ገፈፉት። ተራራው ላይ የወጣ ተጫዋች ታዲያ ሀገር ነው ብሎ ያደገበትን ቦታ በአንድ እይታ ጨረሰው፤ አንድ ወረዳ የማታክል ሆና አገኛት።

አሳታሚው ሮክስታር በሳምንቱ በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። ከሽያጭ አንስቷቸው የነበሩትን የድሮዎቹን የኮምፒውተር ጌሞችም ለመመለስ ቃል ገባ። እዚህ ላይ የሒሳብ ሰው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። እድሳቱን የሠራው “ግሮቭ ስትሪት ጌምስ” የተባለ ሌላ ኩባንያ ነበር፤ ስሙ የጎደፈው ግን የሮክስታር ነው። ብሊዛርድም በጥር 2020 “ዋርክራፍት 3”ን በ30 ዶላር አድሶ ሲያወጣ ተስፋ የተሰጠው ሳይሟላ ቀርቶ ገንዘብ እስከ መመለስ ደርሷል። አሮጌውን የያዙት ደንበኞች ሳይቀሩ አዲሱን ፕሮግራም እንዲጭኑ መደረጋቸው ቁጣውን አብሶታል። ትዝታ በሒሳብ መዝገብ ላይ ዋጋ ተቆርጦለት አይቀመጥም እንጂ ሲነካ ኪሣራው ይታያል።

ስሌቱ የሚቃወስበት ቦታ

የሆነው ሆኖ እድሳት የሚያዋጣው በር ሲዘጋ ብቻ ነው የሚለው ስሌቴ ሙሉ አይደለም። “ዘ ላስት ኦቭ አስ” በመስከረም 2022 ለሦስተኛ ጊዜ ለፕሌይስቴሽን 5 ወጣ፤ ዋጋው 70 ዶላር። የ2014ቱ እድሳት በዚያው ማሽን ላይ ይሠራል፤ ዋጋውም ወደ 20 ዶላር ወርዷል። ብዙዎች ዘረፋ ነው አሉ። እኔም ያኔ አይሸጥም ካሉት አንዱ ነበርኩ። ነገር ግን አራት ወር ተኩል ገደማ ቆይቶ በጥር 2023 ኤች ቢ ኦ ታሪኩን በቴሌቪዥን ማሳየት ሲጀምር ጌም ነክቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ ስሙን ሰማ። ሶኒ ዕቃውን መደርደሪያ ላይ ያኖረው ገዢው ከመምጣቱ አስቀድሞ ነበር።

ከሥር አፍርሶ መሥራትም የራሱ መንገድ አለው። የካፕኮም “ሬዚደንት ኢቭል 2” በ1998 ሲወጣ በፕሌይስቴሽን ወደ 5 ሚሊዮን ተሸጧል፤ በ2019 እንደ አዲስ ተሠርቶ ከ10 ሚሊዮን አልፏል። “ፋይናል ፋንታሲ 7”ም በሚያዝያ 2020 በሦስት ቀን ከ3 ሚሊዮን ተኩል በላይ ወጥቶለታል። ነገር ግን ስኩዌር ኢኒክስ ታሪኩን ከፋፍሎ ሁለተኛውን ክፍል በየካቲት 2024 ሲያወጣ ትርፉ ከተጠበቀው በታች መሆኑን ለባለ አክሲዮኖቹ ተናግሯል። ለአንድ አሮጌ ታሪክ ሦስት ጊዜ ሙሉ ዋጋ ማስከፈል ሲበዛ ይሰለቻል።

ቁጥር ሲነገረንም መጠንቀቅ ያሻል። በሚያዝያ 2025 ቤተስዳ የ2006ቱን “ኦብሊቪየን” በ50 ዶላር አድሶ፣ ያለ ቅድመ ማስታወቂያ ይፋ ባደረገበት ቀን ለሽያጭ አቀረበ። በጥቂት ቀናት 4 ሚሊዮን ተጫዋች አገኘ ተባለ። ተጫዋች ማለት ግን ገዢ ማለት አይደለም፤ ወርኃዊ ደንበኝነት ከፍለው ያገኙትም በዚያው ቁጥር ውስጥ ተቆጥረዋል።

ለእድሳቱ ወገን ትልቁ ክርክር ግን ከትርፍ ውጭ ነው። በሐምሌ 2023 የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን ባወጣው ጥናት መሠረት ከ2010 በፊት በአሜሪካ ከወጡት ጌሞች 87 ከመቶዎቹ ዛሬ በሕጋዊ ገበያ ላይ አይገኙም። የሚታደሱት ደግሞ ድሮም ዝነኛ የነበሩት ናቸው። የቀሩትን የሚያድስ ባለሀብት አይመጣም። አሮጌውን ከገበያ አንስቶ የታደሰውን ብቻ የሚሸጥ ኩባንያ ሲጨመርበት፣ ገዢው ምርጫ አጥቶ ይከፍላል። ይህንን ንግድ ለማለት ይከብደኛል።

ወደ ባለ ፕሌይስቴሽን ቤቱ ልመለስ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የዶላር ዋጋ በባንክ ከእጥፍ በላይ ማደጉን ለእሱ መንገር አላስፈለገኝም። የነገርኩት ሌላ ነው። ሳን አንድሪያስ አንድ ሰው ብቻውን ሰዓታት የሚቀመጥበት ጌም ነው፤ ተሸናፊ የለውም፣ ተሸናፊ ከሌለ ከፋይ የለም። አንዱን ማሽን ለእርሱ መልቀቅ የኳሱን ወረፋ መሸጥ ነው። ስለ ጉሙም ነገርኩት። ከ2021 ወዲህ በተደረጉ እርማቶች ብዙው ነገር መስተካከሉንም አልደበቅኩትም።

ጥቂት አሰበና “እንግዲያው ሁለት ጆይስቲክ ያምጣልኝ፤ የሁሉም የግራ እጀታ ልቋል” አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ “ለራሴ ግን ማታ ቤት ስዘጋ የምጫወታት አሮጌዋ ሳን አንድሪያስ ከተገኘች ያምጣልኝ። ጉም ያለባትን።”