ከበግ አንገትና አንጀት የሚሠራው የሰሜን አፍሪካ ቋሊማ

የሞሮኮው ንጉሥ መሐመድ ስድስተኛ የካቲት 2017 ዓ.ም ለሕዝባቸው ያስተላለፉት መልእክት ያልተለመደ ነበር። ዜጎች በዚያ ዓመት ለኢድ አል አድሐ (ዐረፋ) በግ ከማረድ እንዲቆጠቡ ጠየቁ፤ በሕዝቡ ስም ራሳቸው እንደሚያርዱም አስታወቁ። ምክንያቱ ለተከታታይ ዓመታት የዘለቀው ድርቅ ነው። በዚያን ጊዜ የአገሪቱ የከብትና የበግ ሀብት ከዘጠኝ ዓመት አስቀድሞ ከተደረገው ቆጠራ ጋር ሲነጻጸር በ38 በመቶ ቀንሶ ነበር። ተመሳሳይ ጥሪ በሞሮኮ የተሰማው እ.ኤ.አ. በ1996 በአባታቸው በንጉሥ ሐሰን ሁለተኛ ዘመን ነበር። ጎረቤት አልጄሪያም በዚያው በ2017 ዓ.ም ለበዓሉ እስከ 1 ሚሊዮን በግ ከውጭ ለማስገባት ዕቅድ ይዛ ነበር።

ከጥሪው በኋላ የሆነው ነገር በግ ለሚያረባ ሁሉ ትኩረት የሚስብ ነው። የሞሮኮ ቤተሰቦች በጉን ቢተዉም የበዓሉን ምግብ አልተዉም፤ ጉበት፣ ጨጓራና አንጀት ለመግዛት ወደ ሥጋ ቤቶች ጎረፉ፣ የሆድ ዕቃ ዋጋም ወደ ላይ ወጣ። በእኛ አገር በብዙ ግቢ ጨጓራው ለዱለት ይፈለጋል እንጂ ቀጭኑ አንጀት ለውሻ የሚጣል ነው። በሰሜን አፍሪካ ግን ይህ አንጀት ገንዘብ ነው፤ ዋጋ ከሚሰጡት ነገሮች አንዱም መርጌዝ የሚባለው ቅመምና በርበሬ የበዛበት የበግ ቋሊማ ነው።

መርጌዝ የሞሮኮ፣ የአልጄሪያና የቱኒዚያ የጋራ ምግብ ነው። ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው፣ ከበርበሬው የተነሳ ደማቅ ቀይ የሆነ፣ በከሰል ላይ ተጠብሶ በዳቦ ወይም በኩስኩስ የሚበላ ቋሊማ ነው። ዘሩ ሩቅ ነው፤ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሙስሊም ስፔን በተጻፈ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ውስጥ "ሚርቃስ" በሚል ስም ይገኛል። ያኔ ግን በርበሬ አልነበረውም። በርበሬ ከአሜሪካ ምድር የመጣው ከ1492 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በመሆኑ የጥንቱ ቋሊማ የሚቃጠለው በቁንዶ በርበሬ ነበር። ዛሬ ቀለሙንም ጉልበቱንም የሚሰጠው በርበሬ ሲሆን፣ በቱኒዚያ ብዙ ጊዜ ሐሪሳ የሚባለው የበርበሬ ድልህ ይገባበታል። የሐሪሳ አዘገጃጀት እ.ኤ.አ. በ2022 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። አልጄሪያ እ.ኤ.አ. በ1962 ነጻ ከወጣች በኋላ ወደ ፈረንሳይ በተሻገሩ ሰዎች አማካይነት መርጌዝም አብሮ ተሻግሮ አሁን የፈረንሳይ ሥጋ ቤቶች የዘወትር ሸቀጥ ሆኗል።

ቋሊማው የተፈጠረው ለጮማ ብልት አይደለም። የዐረፋ በግ ሲታረድ ጉበቱ በዕለቱ ይጠበሳል፣ ታፋና ጎድኑ ለእንግዳ ይቀርባል፣ ከፊሉ በጨውና በቅመም ታሽቶ በፀሐይ ይደርቅና "ቀዲድ" ይሆናል፤ ከእኛ ቋንጣ ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። አንገቱ፣ ወርቹና ከአጥንት ላይ የሚላጠው ቁርጥራጭ ደግሞ ጅማት ስላለው ለጥብስ አይመችም። ይህ ሥጋ ተፈጭቶ፣ ስብ ተጨምሮበት፣ በራሱ በበጉ አንጀት ሲጠቀጠቅ መርጌዝ ይሆናል። ዋናው ብልሃት እዚህ ላይ ነው፤ ከበጉ ዝቅተኛ ዋጋ ያላቸው ሦስት ነገሮች፣ ማለትም ጅማታም ሥጋ፣ ስብና አንጀት፣ ተገናኝተው ከሙዳ ሥጋ ባላነሰ ፍላጎት የሚገዛ ምግብ ይወጣቸዋል።

ስቡ ጉዳይ አለው። ከጠቅላላው ሩብ ያህሉ ስብ ካልሆነ ቋሊማው እሳት ላይ ደርቆ እንደ እንጨት ይሆናል። በኩላሊትና በአንጀት ዙሪያ የሚገኘው ሞራ ግን አይመከርም፤ ጠንካራ በመሆኑ ሲቀዘቅዝ አፍ ላይ እንደ ሰም ይጋገራል። የጀርባ ስብና ላት ይሻላሉ። ባርባሪን የሚባለው የቱኒዚያ በግ ላታም ነው፤ የእኛም የመንዝ፣ የዋሸራና የፋርጣ በጎች እንዲሁ። ላት ግን ቶሎ ስለሚቀልጥ ብቻውን ከሚገባ ግማሹ የጀርባ ስብ ቢሆን ይመረጣል።

ሥራው የሚጀምረው ከአንጀቱ ነው፤ ጊዜና ትዕግሥት የሚወስደውም እርሱ ነው። የበግ ቀጭን አንጀት ከ20 ሜትር በላይ ይረዝማል። እንደታረደ ሳይቀዘቅዝ ከሞራው ተላቅቆ ፈርሱ መጨመቅ አለበት፤ ካደረ ግድግዳው ይላላል፣ ሽታውም አይለቅም። በንጹሕ ውሃ ውስጡ ከታጠበ በኋላ እንደ ካልሲ ይገለበጣል። ከዚያ በመክተፊያ ላይ ተዘርግቶ በቢላ ጀርባ ቀስ ተብሎ ይፋቃል። ለሐጭ ያለው ሽፋን ተፍቆ ሲያልቅ የሚቀረው እንደ ላስቲክ ስስ፣ ብርሃን የሚያሳልፍና ጠንካራ ክር ነው። በጨውና በሎሚ ሁለት ሦስት ጊዜ ታሽቶ ይታጠባል። በዚያው ቀን የማይሞላ ከሆነ በብዙ ጨው ተነስንሶ ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጣል፤ በሚፈለግበት ጊዜ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ይለሰልሳል።

ይህ ሙያ ለአገራችን ጭራሽ ባዕድ አይደለም። አሥሩ የበገና አውታሮች በባህላዊው መንገድ የሚሠሩት ከበግ አንጀት ነው። አውታር የሚያዘጋጅ ሰው ፈርሱን አውጥቶ፣ ፍቆና አጥቦ ከዚያ ይገምደዋል። የመርጌዙ ባለሙያ ከመግመዱ በፊት ባለው ደረጃ ላይ ይቆማል።

ለሁለት ኪሎ ቋሊማ አንድ ኪሎ ተኩል ቀይ ሥጋና ግማሽ ኪሎ ስብ ይበቃል። ሥጋውም ስቡም በደንብ መቀዝቀዝ አለባቸው፤ ሞቅ ካሉ ስቡ መፍጫው ውስጥ ይቀልጥና ቋሊማው ሲጠበስ ሁሉም ፈስሶ ያልቃል። ማቀዝቀዣ የሌለው ቤተሰብ በደጋ የሌሊቱን ቅዝቃዜ ተጠቅሞ ሊነጋጋ ሲል ቢሠራው ይሻለዋል። መፍጫ ከሌለ ስል ቢላ ይበቃል፤ ለክትፎ እንደሚደረገው ደቀቅ ተደርጎ ይከተፋል። ጨው ከ30 እስከ 35 ግራም፣ የማያቃጥል ቀይ በርበሬ 20 ግራም፣ የሚያቃጥል 10 ግራም፣ ከሙንና ድንብላል እያንዳንዳቸው 10 ግራም፣ እንስላል 5 ግራም፣ ቁንዶ በርበሬ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ አንድ ሙሉ ራስ ነጭ ሽንኩርት ተወቅጦ ይጨመራል። ፍሬዎቹ በምጣድ ላይ ለአፍታ ታምሰው ቢፈጩ ሽታቸው ይከፈታል።

ሁለት ስሕተቶች መርጌዙን ሌላ ምግብ ያደርጉታል። አንደኛው በከሙን ምትክ ነጭ አዝሙድ ማስገባት ነው፤ መልካቸው ቢቀራረብም ጣዕማቸው አይገናኝም። ሁለተኛው ለወጥ የተዘጋጀ በርበሬ መጠቀም ነው። የወጥ በርበሬ ኮረሪማ፣ በሶብላና ሌላም ስላለው የከሙኑንና የእንስላሉን ጠረን ይውጠዋል። የሚያስፈልገው ከዛላው በቀጥታ የተፈጨ፣ ቅመም ያልገባበት በርበሬ ነው። በወጥ በርበሬ የተሠራውም ይበላል፣ መጥፎም አይሆን ይሆናል፤ መርጌዝ ግን አይደለም።

ሥጋው ከቅመሙና ከግማሽ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ጋር እጅ ላይ እስኪጣበቅ ይታሻል። መሙያ መሣሪያ ከሌለ ዘይት ከጀሪካን ወደ ጠርሙስ ሲገለበጥ የሚያገለግለው እንቡቶ፣ አዲስና ጫፉ አውራ ጣት የሚያህል ከሆነ፣ ሥራውን ይሠራል። አንጀቱ ጫፉ ላይ ይሰበሰብና ሥጋው በአውራ ጣት እየተገፋ ይገባል። ከመጠን በላይ መወጠር የለበትም፤ እሳት ላይ ይፈነዳል። አንድ ሜትር አንጀት ወደ 300 ግራም ስለሚይዝ ለሁለት ኪሎ ሰባት ሜትር ገደማ ይበቃል። ስለዚህ ከሃያው ሜትር የተቀደደው ተጥሎ ደህናው ክፍል መመረጥ ይችላል።

የሚጠበሰው በመካከለኛ የከሰል ፍም ነው፣ በነበልባል አይደለም። ጥሬ ሥጋ ለሚወድ ሰው ግን ግልጽ መሆን ያለበት ነገር አለ፤ መርጌዝ በጥሬውም ሆነ ለብለብ ተደርጎ አይበላም። በሙዳ ሥጋ ላይ ጀርሙ በአብዛኛው ላይ ላዩን ነው፤ ሲፈጭ ግን ከላይ የነበረው ወደ መሐል ይገባል። በዚያ ላይ ሽፋኑ ፈርስ የነበረበት አንጀት ነው። መሐሉ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ አለበት። ሥጋ በስሏል የሚባለው ቅላቱ ሲጠፋ ነው ብሎ መተማመን እዚህ አይሠራም፤ በርበሬው በስሎም ቀይ ያደርገዋል። የሙቀት መለኪያ ከሌለ አንዱን ቆርጦ ማየት ነው፤ መሐሉ የሚጣበቅና የላላ ከሆነ ገና ነው።

በቱኒዚያ መርጌዝን በገመድ ላይ አድርቆ፣ ጠብሶ፣ በወይራ ዘይት ውስጥ ለወራት የማቆየት ልማድ አለ። ትውልድ የተቀባበለው ሙያ ነው። ያለ ልምድ መሞከሩ ግን አይመከርም፤ በደንብ ያልደረቀ ሥጋ አየር በማይገባበት ዘይት ውስጥ ሲቀመጥ ገዳይ መርዝ የሚያመነጭ ባክቴሪያ ሊራባበት ይችላል። ለጀማሪ ትኩሱን ሠርቶ ማቀዝቀዣ ውስጥ በሁለት ቀን መጨረስ ነው የሚሻለው።

ለአርቢውና ለወረዳ ባለሙያው ግን ከቅመሙ የበለጠ የሚያሳስበው በዕርድ ጊዜ የሚጣለው ነገር ነው። ሰሜን አፍሪካም ኢትዮጵያም የሚጋሩት አንድ በሽታ አለ፤ በበግ ጉበትና ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ሆኖ የሚታየው ሃይዳቲድ። አራጁ ከረጢቱን ሲያይ "ይህ አይበላም" ብሎ ለውሻ ይወረውራል። ትሉ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። ውሻው ሆድ ውስጥ ያድጋል፣ ዕንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ በሣርና በአፈር ላይ ይበተናል፣ በጎች ሲግጡ፣ ሕፃናት ከውሻው ጋር ሲጫወቱ ወደ ሆድ ይገባል። በሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥ ለዓመታት ያለምልክት አድጎ በመጨረሻ ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ከረጢት ይሆናል። ሰው የሚያዘው ሥጋውን በመብላት ሳይሆን ከውሻው በሚመጣው ዕንቁላል ነው። ከረጢት ያለበት ጉበትና ሳንባ መቃጠል ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት መቀበር አለበት፤ ውሾችም የእንስሳት ጤና ባለሙያ በሚያዘው መሠረት የትል መድኃኒት መውሰድ ይኖርባቸዋል። በበዓል ሰሞን በየግቢው በአንድ ጀምበር ስንት በግ እንደሚታረድ ለሚያውቅ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ይህ መልእክት ከበዓሉ በፊት የሚነገር እንጂ በኋላ የሚነገር አይደለም።

አንጀቱም ራሱ የበጉን አያያዝ ይናገራል። በአንጀት ግድግዳ ላይ ጠጠር መሰል እባጭ የሚያወጣ የሆድ ትል አለ፤ እንዲህ ያለው አንጀት ሲፋቅ ይቀደዳል፣ ለቋሊማም አይሆንም። በወቅቱ የትል መድኃኒት ያገኘ በግ አንጀቱ ንጹሕና ጠንካራ ነው። መድኃኒት የተሰጠው በግ ግን ወዲያው አይታረድም፤ ከመድኃኒቱ ዓይነት ጋር የሚለያይ የመቆያ ጊዜ ስላለ ባለሙያውን ጠይቆ መጠበቅ ያስፈልጋል።

ለቤት መሥራትና ለገበያ መሥራትም አንድ አይደሉም። ቤተሰብ ራሱ ያረደውን በግ በዕለቱ ሠርቶ ቢበላ ሙያው በጥንቃቄ ያልቃል። ለመሸጥ የሚያስብ ማኅበር ግን የተመረመረ ሥጋ፣ ያልተቆራረጠ መብራትና ማቀዝቀዣ፣ እንዲሁም የሚመለከተው አካል ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ማቀዝቀዣ በሌለበት ከተማ የተፈጨ ሥጋ ይዞ ገበያ መውጣት ለገዢውም ለሻጩም አደጋ ነው። ከዚህም ሌላ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ የየራሱን ዕርድ የሚጠይቅ በመሆኑ ሥጋውም አንጀቱም ከማን ዕርድ እንደመጡ ለገዢው በግልጽ መነገር አለበት። የጾም ወራት ደግሞ የክርስቲያኑን ገበያ ስለሚዘጋ፣ ሊሸጥ የታሰበው መጠን በዓላቱን ተከትሎ ከወዲሁ መሰላት ይኖርበታል።