ሙቀት፣ ጠባብ ልብስና የወንድ ዘር

እ.ኤ.አ. በ1924 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ካርል ሙር የተባለ ተመራማሪ ከባልደረባው ጋር ሆኖ የአውራ በጎችን የቆለጥ ከረጢት ሙቀት በማያስወጣ ነገር ጠቀለለ። ለበጎቹ የተሰጠ መድኃኒት የለም። የተለወጠው የከረጢቱ ሙቀት ብቻ ነበር። ሆኖም ዘር የሚያመርተው የቆለጥ ክፍል ተበላሸ። ሙር በጊኒ ፒጎች ላይ ቆለጡን ወደ ሆድ ዕቃ መልሶ ሲያስቀምጠውም የገጠመው ተመሳሳይ ነገር ነው። ከሆድ ውጭ የሚንጠለጠል ቆለጥ ዘር ለማምረት ቅዝቃዜ እንደሚፈልግ ከዚያ ወዲህ ብዙም አላከራከረም።

ከመቶ ዓመት በኋላም ግን ጥያቄው ከየቤቱ አልወጣም። ጠባብ ጂንስ፣ የሚያጣብቅ ፓንት፣ ሙቅ ውኃ፣ ጭን ላይ የሚቀመጥ ላፕቶፕ መካን ያደርጋል ወይ? ልጅ ፈልገው ዓመት ሁለት ዓመት የጠበቁ ባልና ሚስት ይህን የሚጠይቁት ከልባቸው ነው፤ በደንብ የታሰበበት መልስም ይገባቸዋል። የእኔን መልስ ከወዲሁ ላስቀምጥ፦ ሙቀት የወንድን ዘር መጉዳቱ የተረጋገጠ ነው፤ ልብስ ግን ከሙቀት ምንጮች መካከል ጉልበቱ አነስተኛ ከሆኑት አንዱ ነው። ሌሎቹን ትተን ስለ ፓንት ብቻ ስናወራ ዋናው ነገር ያመልጠናል።

የሰውነታችን ውስጣዊ ሙቀት 37 ዲግሪ ገደማ ነው። ቆለጥ ግን ሥራውን በወጉ የሚሠራው ከዚያ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ዝቅ ሲል ነው። ለዚህም የተሰናዳው አሠራር እጅግ ያስደንቃል። የከረጢቱ ቆዳ ስስ ነው፤ ከሥሩ ስብ የለውም፤ ላብ አመንጪ ዕጢዎቹ ብዙ ናቸው። ብርድ ሲሆን ጡንቻዎቹ ተኮማትረው ቆለጡን ወደ ሰውነት ይስቡታል፤ ሲሞቅ ይላላሉ፤ ቆለጡም ወደ ታች ይወርዳል፤ ቆዳውም ተዘርግቶ ሙቀቱን ይለቃል። ከሁሉ የሚገርመው ግን የደም ሥሮቹ አደረጃጀት ነው። ከሆድ ትኩስ ደም ይዞ የሚወርደውን ደም ወሳጅ ቧንቧ፣ ከታች የቀዘቀዘ ደም ይዘው የሚመለሱ ደም መላሾች እንደ ሐረግ ተጠላልፈው ይከቡታል። ወራጁ ደም ሙቀቱን ለተመላሹ እየሰጠ ስለሚሄድ ቆለጡ ዘንድ ሲደርስ በርዷል።

በደም ሥር ማቀዝቀዝ የሰው ብቻ አይደለም። ዶልፊንና ዓሣ ነባሪ ቆለጣቸው በሆዳቸው ውስጥ ነው፤ ያውም ሲዋኙ ከሚግሉት ትልልቅ ጡንቻዎች አጠገብ። በዶልፊኖች ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ከጀርባ ክንፋቸውና ከጅራታቸው በባሕሩ ውኃ የቀዘቀዘ ደም እየተመለሰ ቆለጡ ባለበት ያልፍና ያበርደዋል። አካሉ ሌላ ቢሆንም ችግሩ ያው ሙቀት፣ መላውም ያው የደም ቧንቧ ነው።

ለመሆኑ ሁለትና ሦስት ዲግሪ ይህን ያህል የሚጎዳው ለምንድን ነው? ቆለጥ ውስጥ በየሰከንዱ ከሺህ በላይ የዘር ሕዋሳት ይመረታሉ። ለዚህ ሕዋሳቱ ያለማቋረጥ መከፋፈልና የዘረ መል ቁሳቸውን በትክክል ለሁለት ማካፈል አለባቸው። ሙቀቱ ሲያይል በዚህ የክፍፍል ደረጃ ላይ ያሉት ሕዋሳት ከሁሉ በፊት ይጎዳሉ፤ ዲኤንኤያቸው ይሰባበራል፤ ብዙዎቹም ራሳቸውን በራሳቸው ያጠፋሉ። ቴስቶስትሮን የሚባለውን ሆርሞን የሚያመርቱት ሕዋሳት ግን ሙቀትን በተሻለ ይቋቋማሉ። ስለዚህ ድምፁ፣ ጢሙ፣ ፍላጎቱና ከሚስቱ ጋር የመገናኘት አቅሙ ፍጹም ደህና የሆነ ሰው የዘር ቁጥሩ በጣም ዝቅ ያለ ሊሆን ይችላል። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

አንድ የዘር ሕዋስ ከመነሻው ተመርቶ እስኪያልቅ 74 ቀን ገደማ ይፈጅበታል። ከዚያ በኋላ መዋኘት የሚማርበትና የሚጠራቀምበት ሌላ ሁለት ሳምንት ያህል አለ። በድምሩ ሦስት ወር ገደማ ማለት ነው። ስለዚህ ዛሬ በላቦራቶሪ የሚታየው የዘር ፈሳሽ ከሦስት ወር ወዲህ በሰውዬው ላይ የደረሰውን ይናገራል። ዛሬ የተወገደ ሙቀትም ጥቅሙ የሚታየው ከሦስት ወር በኋላ ነው።

ወደ ልብሱ እንምጣ። ብዙ ሰው ካካተቱት የፓንት ጥናቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2018 በሃርቫርድ ተመራማሪዎች የታተመው ነው። በቦስተን ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ወደሚገኘው የመካንነት ሕክምና ማዕከል ከ2000 እስከ 2017 ከመጡ ጥንዶች 656 ወንዶች ምን ዓይነት የውስጥ ሱሪ እንደሚያዘወትሩ ተጠየቁ፤ የዘር ፈሳሻቸውም ተመረመረ። ሰፊ ቦክሰር የሚለብሱት፣ ጠባብ ከሚለብሱት ይልቅ የዘር ክምችታቸው በ25 በመቶ፣ ጠቅላላ ቁጥራቸው በ17 በመቶ በልጦ ተገኘ። ከዚህ ይልቅ የእኔን ትኩረት የሳበው ሌላ ቁጥር ነው። አንጎል ቆለጥን "ዘር አምርት" ብሎ የሚያዝበት ኤፍኤስኤች የተባለ ሆርሞን በቦክሰር ለባሾቹ ደም ውስጥ በ14 በመቶ ያነሰ ነበር። ይህ ማለት ጠባብ የሚለብሱት ሰዎች አንጎል የምርቱን መቀነስ አውቆ ትእዛዙን እያጠናከረ ሳይሆን አይቀርም። አንድ ሰው ስለ ልብሱ የሚሰጠው መልስ ሊሳሳት ይችላል፤ ሆርሞኑ ግን ከልብሱ ወሬ ተለይቶ ለብቻው የተለካ ምስክር ነው።

ሆኖም በሁለቱም ወገን ያሉት ሰዎች አማካይ የዘር ቁጥር ከጤነኛው መጠን በታች አልነበረም። ስለ ሱሪያቸው ጥበትና ስለ ጨርቁ ዓይነትም አልተጠየቁም። ከዚህ ጥናት አስቀድሞ ደግሞ በሚቺጋንና በቴክሳስ 501 ጥንዶች ልጅ ለመውለድ ሲሞክሩ እስከ አንድ ዓመት የተከታተለ ሌላ ጥናት ነበር። እዚያ የፓንት ዓይነት በዘሩ ላይ ያሳየው ልዩነት ጥቂት ነው፤ ሚስት እስክትፀንስ በሚወስደው ጊዜ ላይ ደግሞ ልዩነት አልታየም። እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ 97 ወንዶችን የመረመረ ጥናትም በጠባብና በሰፊ ፓንት ለባሾች መካከል ጉልህ የከረጢት ሙቀት ልዩነት አላገኘም። እነዚህን አንድ ላይ ሳያቸው የምደርስበት ፍርድ ይህ ነው፦ የዘር ቁጥሩ ከፍ ያለ ሰው ጠባብ ፓንት ቢለብስ ከሚያጣው የሚተርፈው ይበዛል። ቁጥሩ ከወሰኑ አፋፍ ላይ የሆነ ሰው ግን 20 በመቶ የምትሆን ጭማሪ እንኳ ታስፈልገዋለች፤ ሰፊ የጥጥ ፓንት መልበስ ደግሞ ወጪም ጉዳትም የለውም።

ጨርቅ በእርግጥ ጉልበት ሊኖረው የሚችለው ቆለጡን ከቦታው ሲያንቀሳቅሰው ነው። በፈረንሳይ ቱሉዝ ሮጀር ሚዩሴ የተባለ ሐኪም ቆለጡን ወደ ላይ ገፍቶ ከሰውነት ጋር የሚያስጠጋ ልዩ የውስጥ ሱሪ አዘጋጅቶ ነበር። በቀን 15 ሰዓት ያህል ሲለበስ የቆለጡ ሙቀት በ2 ዲግሪ ገደማ ከፍ አለ፤ ዘሩም በወራት ውስጥ እርግዝናን እስከ መከላከል ድረስ ወረደ። በካይሮ ደግሞ አህመድ ሻፊቅ የተባለ ሐኪም 14 ወንዶችን ከፖሊስተር የተሠራ የቆለጥ ማንጠልጠያ አስለብሶ፣ ሁሉም በአምስት ወር ገደማ ዘራቸው ከፈሳሹ ውስጥ እንደጠፋ፣ ማንጠልጠያውን ካወለቁ በኋላም እንደተመለሰ እ.ኤ.አ. በ1992 ጽፏል። የሰዎቹ ቁጥር እጅግ ጥቂት በመሆኑ ብዙ ሊገነባበት አይገባም። ጠባብ ጂንስ ለብሶ "እርግዝና አይመጣም" ብሎ የሚተማመን ወጣት ካለ ደግሞ በከንቱ ነው፤ ተራ ጠባብ ልብስ እንዲህ ያለ ኃይል የለውም።

የመቀመጥ ጉዳይ ከልብስ ይልቅ ያሳስበኛል። በኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ ጥናት 29 ወጣቶች ላፕቶፕ ጭናቸው ላይ አድርገው ለአንድ ሰዓት ተቀመጡ። የከረጢታቸው ሙቀት ከ2.6 እስከ 2.8 ዲግሪ ጨመረ። ላፕቶፕ ሳይኖር ጭናቸውን ገጥመው ብቻ ሲቀመጡ እንኳ ጭማሪው 2.1 ዲግሪ ነበር። ከጭማሪው አብዛኛው የመጣው ከአቀማመጡ መሆኑን ልብ ይሏል። በቱሉዝ መኪና ሲነዱ በተለኩ ፈቃደኞች ላይም ሙቀቱ ከሁለት ሰዓት በላይ ሲነዱ ወደ 2 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሏል። በሮም የታክሲ ነጂዎች ላይ የተደረገ ጥናትም ረጅም ዘመን በነዱት ላይ ቅርጹ የተስተካከለ ዘር አንሶ አግኝቷል።

ይህን ሳነብ የሚታየኝ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነው። የአፋርን በረሃ በቀትር ያቋርጣል፤ ከሥሩ የፕላስቲክ መቀመጫ፣ ከፊቱ የጋለ ሞተር አለ፤ ሰዓታትን ሳይነሳ ይቆያል። በዚያው አካባቢ ያሉ አርብቶ አደሮች የሚያገለድሙት ሽርጥ አየር ያስገባል። ሹፌሩ ሽርጥ ይታጠቅ አልልም፤ ግን በየሁለት ሰዓቱ ወርዶ መንቀሳቀስ፣ መቀመጫው ላይ አየር የሚያስተላልፍ ምንጣፍ ማንጠፍ፣ ጠባብ ሱሪ መተው በእጁ ነው። የዳቦ ቤት ምድጃ ፊት የሚቆም፣ ብረት የሚያቀልጥ፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች በበጋ ሐሩር የሚሠራ ወገናችንም ከዚህ ወገን ይቆጠራል። በጣሊያን የሴራሚክ ምድጃ ሠራተኞች ላይ የተደረገ ጥናት ልጅ ለመውለድ መቸገር ከሌሎች ይልቅ በእነሱ በዝቶ አግኝቶታል።

ሳውናም እንዲሁ ነው። በጣሊያን ፓዶቫ አሥር ጤነኛ ወንዶች በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ለ15 ደቂቃ ከ80 እስከ 90 ዲግሪ በሚሞቅ ሳውና ለሦስት ወር ገቡ። የዘራቸው ቁጥርና እንቅስቃሴ ወረደ፤ ካቆሙ ስድስት ወር በኋላ ግን ሁሉም ነገር ወደ ቦታው ተመለሰ። ልጅ የሚፈልግ ሰው ለጥቂት ወራት ሳውናና ስቲም ቢተው የሚቀርበት ነገር የለም።

በእኛ አገር ከሁሉ የሚበልጠው የሙቀት ምንጭ ግን ትኩሳት ይመስለኛል። በዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ የ27 ጤነኛ ወንዶች ክትትል፣ ዘሩ በሚመረትበት ወቅት ትኩሳት ሲያገኛቸው የዘር ክምችታቸው በሲሶ ገደማ ቀንሷል። ወባ ወይም ታይፎይድ 39ና 40 ዲግሪ አድርሶ ለቀናት ሲያንቀጠቅጥ የሚያሞቀው መላ ሰውነትን ነው፤ ቆለጥም የሚያመልጥበት የለውም። ክረምት ማብቂያ ላይ ወባ ይዞት በኅዳር የተመረመረ ሰው "ዘርህ ትንሽ ነው" ቢባልና ተስፋ ቢቆርጥ፣ የተስፋ መቁረጡ ምክንያት ያለፈ በሽታ ሊሆን ይችላል።

ውስጣዊ ምክንያቶችም አሉ። ቅድም ያነሳናቸው ደም መላሾች ተለጥጠው ሲያብጡ ቫሪኮሴል ይባላል፤ ማቀዝቀዣው ሥርዓት ይሰናከላል። ከወንዶች 15 በመቶ ያህሉ አለባቸው፤ መካንነት ካጋጠማቸው መካከል ግን ወደ 40 በመቶ ይደርሳል። ሐኪም በእጁ ዳስሶ ሊያገኘው፣ በቀዶ ሕክምናም ሊያስተካክለው ይችላል። ሌላው ሕፃን ሲወለድ ያልወረደ ቆለጥ ነው። አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት በራሱ ይወርዳል፤ ካልወረደ ከስድስት እስከ አሥራ ስምንት ወር ባለው ዕድሜ በቀዶ ሕክምና ማውረድ ይመከራል። ሕፃን የምታጥብ እናት ወይም አያት ሁለቱም ቆለጦች በከረጢቱ ውስጥ መኖራቸውን ብታይ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ማንም ላያስተውለው የሚችል ጉዳት ታስቀራለች።

አሁን አንባቢ እንዲይዝልኝ ወደለመንኩት ነጥብ ልመለስ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 እንዳስታወቀው ከስድስት ሰዎች አንዱ በሕይወት ዘመኑ መካንነት ያጋጥመዋል። መካንነት ከገጠማቸው ጥንዶች በግማሽ ያህሉ የወንዱ ወገን ምክንያት አለበት፤ ብቻውን ወይም ከሴቷ ጋር ተደርቦ። በየመንደሩ ግን ልጅ ሲዘገይ ጸበል የምትወሰደው፣ ሐኪም ቤት የምትመላለሰው፣ በአማቶቿ የምትወቀሰው ሴቲቱ ናት። ባሏ ጎልማሳና ጠንካራ ስለሆነ "እሱማ ደህና ነው" ይባላል። ጥንካሬው ግን ስለ ዘሩ የሚነግረን ነገር የለም። ስንት ትዳር ሳይመረመር ፈርሷል፤ ይህ ያንገበግበኛል።

የዘር ፈሳሽ ምርመራ ርካሽና ቀላል ነው፤ ሕመምም የለውም። ከ12 ወር ሙከራ በኋላ እርግዝና ካልመጣ፣ ሚስት 35 ዓመት ካለፋት ደግሞ ከስድስት ወር በኋላ፣ ባልና ሚስት አብረው ይሂዱ። ከክሊኒኮች ሌላ በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ለዚሁ የተቋቋመ የመንግሥት ማዕከል አለ። ሰውዬው ናሙና ከመስጠቱ በፊት ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ከግንኙነት ይታቀባል። ባለፉት ሦስት ወራት ወባ ወይም ሌላ ትኩሳት ይዞት ከነበረ፣ ሥራው ምድጃ ፊት ወይም መሪ ላይ ከሆነ ለሐኪሙ ይንገር። ውጤቱ ዝቅ ብሎ ከመጣም በአንድ ወረቀት አይፈረድም፤ ሙቀቱ ተወግዶ፣ አዲስ ዘር ሊመረት የሚችልበት ሦስት ወር ተጠብቆ ምርመራው ይደገማል።