በፈረንሳይ አገር በቦይ ዳር በቢስክሌት ስለ መጓዝ

መግቢያ

ቦይ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታሰበን ከወንዝ ተጠልፎ እርሻ የሚያጠጣው የመስኖ ቦይ ነው። በፈረንሳይ አገር ግን ከመስኖው ቦይ ሌላ፣ ጀልባ እንዲሄድበት ተብሎ የተቆፈረ፣ ከአንድ ወንዝ ተነሥቶ ኮረብታ ተሻግሮ ከሌላው ወንዝ ወይም ከባሕር የሚደርስ ሰው ሠራሽ የውሃ መንገድ አለ። ዛሬ በነዚህ ቦዮች ዳር፣ ስንቃቸውንና ልብሳቸውን በቢስክሌት ጭነው፣ አንድም መኪና ሳያገኛቸው ከመንደር ወደ መንደር የሚጓዙ ሰዎች ብዙ ናቸው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መንገዱ ከምን እንደ ተገኘ፣ ስለ ምን ለጥ ያለ እንደ ሆነ፣ መኪናስ እንዴት ሊከለከልበት እንደ ቻለ፣ እንዲሁም መንገዱን ማን እንደሚጠብቀው በአጭሩ ማስረዳት ነው። በጽሑፉ የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ቦዮቹ ስለ ምን ተቆፈሩ

የምድር ባቡር ከመገኘቱ በፊት ወይን ጠጅ፣ እህል፣ እንጨትና ድንጋይ በጋሪ ማመላለስ አድካሚና ውድ ነበር። በወንዝ ማጓጓዝ ቢቀልም ወንዙ በክረምት ይሞላል፣ በበጋ ይጎድላል፤ ከዚህም በቀር ሁለት ወንዞች በመካከላቸው ከፍታ ካለ አይገናኙም። ይህን ችግር ለማስወገድ በንጉሥ ሄንሪ 4ኛ ዘመን ሚኒስትሩ ሱሊ የሎዋርንና የሴንን ወንዞች የሚያገናኘውን የብሪያርን ቦይ በ1604 አስጀመረ። ሥራው በመካከሉ ተቋርጦ ቆይቶ ቦዩ የተከፈተው በ1642 ነው። በሮኚ መንደር ለዚሁ ቦይ እንደ ደረጃ ተከታትለው የተሠሩት ሰባት የውሃ በሮች ዛሬ አገልግሎታቸው ቢቀርም በሥፍራው ይታያሉ።

ከሁሉ ይበልጥ ስሙ የገነነው ግን በደቡብ ፈረንሳይ ያለው የሚዲ ቦይ ነው። ይህን ያሠራው ፒየር ፖል ሪኬ የተባለ የጨው ግብር ሰብሳቢ ነበር። በ1666 የንጉሥ ሉዊ 14ኛ ትእዛዝ ከወጣ በኋላ ሥራው ተጀመረ፤ ሥራው በበረታበት ጊዜ የሠራተኛው ቁጥር 12,000 ገደማ ደርሶ ነበር። ሪኬ ሀብቱን በዚሁ ሥራ ላይ አፍስሶ፣ ቦዩ በ1681 ከመከፈቱ ጥቂት ወራት አስቀድሞ በ1680 ሞተ። ከቱሉዝ ከተማ እስከ ሜዲቴራኒያን ባሕር ዳርቻ የሚደርሰው ይህ ቦይ 240 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። በ1996 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

2. ውሃው ሽቅብ የሚወጣበት ዘዴ

ውሃ ሽቅብ እንደማይፈስ የታወቀ ነው። እንግዲህ ጀልባ እንዴት ኮረብታ ይወጣል? መልሱ ፈረንሳዮች «ኤክሉዝ» የሚሉት የውሃ በር ነው። የውሃ በር ማለት በፊትና በኋላው መዝጊያ ያለው፣ በድንጋይ የታነጸ ክፍል ነው። ሽቅብ የሚሄደው ጀልባ በታችኛው በኩል ይገባና መዝጊያው ይዘጋበታል። ቀጥሎ ከላይ ውሃ ሲለቀቅ ክፍሉ እየሞላ ጀልባውን ከፍ ያደርገዋል። የክፍሉ ውሃ ከላይኛው ውሃ ጋር እኩል ሲሆን የላይኛው መዝጊያ ተከፍቶ ጀልባው መንገዱን ይቀጥላል። ለዚህ ሁሉ ሞተር አያስፈልግም፤ የሚሠራው የውሃው ክብደት ብቻ ነው።

ነገር ግን አንድ ጀልባ ባለፈ ቁጥር አንድ ክፍል ሙሉ ውሃ ወደ ታች ይሄዳል። ስለዚህ በቦዩ ጫፍ፣ ማለት በከፍተኛው ሥፍራ፣ ዘወትር የማይጓደል ውሃ መኖር አለበት። የሪኬ ትልቁ ሥራ ይህን ማግኘቱ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 189 ሜትር ከፍታ ወዳለው ወደ ኖሩዝ፣ ሞንታኝ ኑዋር ከሚባለው ተራራ ምንጮችን በመጋቢ ቦይ ስቦ አመጣ፤ በሳን ፌሬኦልም ግድብ ሠርቶ የክረምቱን ውሃ ለበጋ አጠራቀመ።

ከዚህ የተነሣ ለቢስክሌት ነጂ የሚተርፈው ጥቅም ግልጽ ነው። በሁለት የውሃ በሮች መካከል ያለው ውሃ ለጥ ያለ ስለ ሆነ በዳሩ ያለው መንገድም እንደዚሁ ለጥ ያለ ነው። ዳገት የሚኖረው በውሃው በር አጠገብ ብቻ ሲሆን እርሱም ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ሜትር ቢሆን ነው። ለምሳሌ ከቱሉዝ እስከ ኖሩዝ ባለው 50 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ጠቅላላው ከፍታ 57 ሜትር ገደማ ነው፤ ይኸውም በአንድ ኪሎ ሜትር አንድ ሜትር ከጥቂት ማለት ነው። ተራራማ በሆነው አገር የሚያልፈው የቡርጎኝ ቦይ እንኳ፣ በ242 ኪሎ ሜትር ውስጥ 189 የውሃ በሮች ቢኖሩትም፣ ከሚዤን እስከ ፑዪ አን ኦክሱዋ ድረስ ወደ 300 ሜትር የሚወጣው በ155 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ነው። በዚያ ጫፍ ላይ ቦዩ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝም ዋሻ ውስጥ ያልፋል፤ በዋሻው ውስጥ የእግር መንገድ ስለሌለ ባለ ቢስክሌቱ በላዩ ተሻግሮ ከወዲያኛው አፍ ቦዩን ያገኘዋል።

3. የጎታቾች መንገድ

በቦዩ ዳር ያለው መንገድ ለሽርሽር የተሠራ አልነበረም። ሞተር ከመምጣቱ በፊት ጀልባውን የሚስበው ፈረስ ወይም በቅሎ ነበር፤ ለእንስሳ የሚከፍለው ያጣ ጀልባ ነጂም ከነቤተሰቡ ገመዱን በትከሻው አድርጎ ይጎትት ነበር። ስለዚህ ከውሃው ዳር ያልተቋረጠ፣ ገመድ የሚይዝ ዛፍ የሌለበት መንገድ ያስፈልግ ነበር። ይህ የጎታቾች መንገድ «ሸማን ደ ሀላዥ» ይባላል።

የምድር ባቡር በመጣ ጊዜ የቦዩ ንግድ ተዳከመ። በሚዲ የሆነው ነገር በተለይ የሚያስገርም ነው፤ በ1858 ቦዩን ለ40 ዓመት የተከራየው ተወዳዳሪው የባቡር ኩባንያ ራሱ ነበር። ቦዩ ከሐዲዱ ጋር እንዲወዳደር ኩባንያው የሚተጋበት ምክንያት አልነበረውም። በ1879 ሚኒስትሩ ፍሬይሲኔ ዋና ዋናዎቹ ቦዮች 38 ሜትር ተኩል የሚረዝም ጀልባ እንዲያሳልፉ የሚያዝዝ ሕግ ቢያወጣም፣ 30 ሜትር ያህል ርዝመት የነበራቸው አብዛኞቹ የሪኬ የውሃ በሮች እንደ ነበሩ ቀሩ። ከዚያም የጭነት መኪና ተጨመረ። የሃያኛው ክፍለ ዘመን ከማለቁ በፊት በሚዲ የጭነት ጀልባ ማመላለስ ቀረ፤ ቦዩም ለሽርሽር ጀልባዎች ተተወ። የጎታቾቹ መንገድ ግን ሥራ ፈትቶ በሥፍራው ነበር።

4. መኪና የተከለከለበት ምክንያት

የጎታቾች መንገድ ከመጀመሪያውም የሕዝብ አውራ ጎዳና አልነበረም፤ የቦዩ አገልግሎት ንብረት ነው። ዛሬ 6,700 ኪሎ ሜትር ያህል የውሃ መንገድ የሚያስተዳድረው በ1991 የተቋቋመው የፈረንሳይ የውሃ መንገዶች መሥሪያ ቤት ነው። በዳሩ ያለው መንገድ በመሠረቱ ለቦዩ ጥገና የተጠበቀ ስለ ሆነ፣ ለሕዝብ የሚከፈተው ብዙ ጊዜ የአካባቢው አስተዳደር ከመሥሪያ ቤቱ ጋር ውል ተዋውሎ የመንገዱን ወጪና ኃላፊነት ሲቀበል ነው።

በ1997 በቡርጎኝ ከዢቭሪ እስከ ክሉኒ በተተወ የባቡር ሐዲድ ላይ በፈረንሳይ የመጀመሪያው «አረንጓዴ መንገድ» ተከፈተ። በ2004 ደግሞ ይህ ስም በመንገድ ትራፊክ ደንብ ውስጥ ገባ፤ ያን ጊዜ በወጣው ደንብ መሠረት አረንጓዴ መንገድ ሞተር ለሌላቸው ተሽከርካሪዎች፣ ለእግረኞችና ለፈረሰኞች ብቻ የተለየ መንገድ ነበር። ብዙ የቦይ ዳር መንገዶች በዚህ ሕግ ተጠቃሚ ሆኑ። ስለዚህ በቦይ ዳር መኪና የማይታየው ሥፍራው ሩቅ በመሆኑ አይደለም፤ ሕግና ውል ስለሚከለክሉት ነው።

5. ስለ ጉዞው

በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው በቀን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ያለ ብዙ ድካም ሊጓዝ ስለሚችል የሚዲን ቦይ በአምስት ቀን ይጨርሰዋል። ነገር ግን መንገዱ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ከቱሉዝ ጀምሮ 50 ኪሎ ሜትር ያህል አስፋልት ነው፤ ከዚያ ወዲያ በብዙ ሥፍራ ጠጠር፣ አፈርና የዛፍ ሥር ስለሚያጋጥም ሰፋ ያለ ጎማ ያስፈልጋል። ለጥ ያለ መንገድ ሁሉ ቀላል ነው ብሎ ማሰብም አይገባም። በዚያ አገር «ሰርስ» የሚባለው የምዕራብ ነፋስ ወደ ባሕር የሚሄደውን ሲገፋው፣ ከባሕር የሚመለሰውን ግን ዳገት እንደሚወጣ ሰው ያደክመዋል።

ስንቅም አስቀድሞ መታሰብ አለበት። በትናንሽ መንደሮች ሱቅ በቀትር ይዘጋል፤ ብዙ ዳቦ ቤቶችም ሰኞ አይከፍቱም። በመንገዱ ላይ እግረኛና ዓሣ አጥማጅ ስላለ ደወል መደወልና ዝግ ብሎ ማለፍ ደንብ ነው። የዓሣ አጥማጁ ዘንግ አንዳንድ ጊዜ መንገዱን ዘግቶት ይገኛል።

ከቤት ተነሥቶ እስኪመለስ ድረስ ያለ መኪና ለመጓዝ የሚረዳው የምድር ባቡር ነው። የአውራጃ ባቡሮች ቢስክሌት ይጭናሉ፤ ቱሉዝ፣ ካስቴልኖዳሪ፣ ካርካሶንና ቤዚዬም በቦዩም በሐዲዱም ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው። በአንድ ዘመን የቦዩን ንግድ የወሰደው ሐዲድ ዛሬ ለቦዩ መንገድ ተጓዥ ያመጣለታል።

6. መንገዱን ማን ይጠብቀዋል

የጭነት ጀልባ በነበረበት ዘመን ቦዩ ከጭነቱ በሚሰበሰበው ቀረጥ ይጠገን ነበር። ቢስክሌት ነጂ ግን በመንገዱ ለማለፍ ምንም አይከፍልም። ገንዘቡን የሚተወው በመንደሩ ዳቦ ቤት፣ በማረፊያው፣ አንዳንድ ጊዜም ቡና ቤት በሆነው በአሮጌው የበረኛ ቤት ነው። ጥቅሙ ለመንደሩ፣ ወጪው ለቦዩ ባለቤትና ለአስተዳደሩ ስለ ሆነ ማን ምን ያህል ያዋጣ የሚለው ጥያቄ ዘወትር ይነሣል።

የወጪውን ክብደት የሚዲ ዛፎች ያሳያሉ። በአብዛኛው በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተተከሉ 42,000 ገደማ የፕላታን ዛፎች በቦዩ ግራና ቀኝ ነበሩ። ጥላቸው ተጓዡን ከፀሐይ ይጋርዳል፤ ሥራቸው ዳርቻውን ይይዛል። በ2006 በካርካሶን አቅራቢያ ዛፎቹን የሚያደርቅ የሻጋታ በሽታ ተገኘ። በሽታው ወደ ፈረንሳይ የገባው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከአሜሪካ በመጡ የጥይት ሣጥኖች እንጨት ነው ይባላል። መድኃኒት ስላልተገኘለት የታመሙትንና አጠገባቸው ያሉትን ቆርጦ ከማቃጠል በቀር ሌላ መንገድ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የተቆረጡት በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ናቸው። በምትካቸው ልዩ ልዩ ዓይነት ዛፎች እየተተከሉ ነው፤ ጥላቸው የሚደርሰው ግን ለሚመጣው ትውልድ ነው።

መደምደሚያ

ከላይ እንደ ተመለከትነው፣ በፈረንሳይ ገጠር ቢስክሌት ነጂ የሚያገኘው ጸጥታ ሦስት ነገሮች ተገናኝተው ያስገኙት ነው፤ ለጀልባ ሲባል ለጥ ተደርጎ የተሠራ መንገድ፣ መኪናን የሚከለክል ሕግ፣ የጥገናውን ወጪ የሚሸከም አስተዳደር። የመጀመሪያው ከጥንት የተወረሰ ነው። ሁለቱ ግን በየዓመቱ መታደስ ያለባቸው ናቸው። አስተዳደሩ ውሉን በተወበት ሥፍራ ሁሉ ሣርና ቁጥቋጦ ጥቂት ዓመት ሳይቆይ መንገዱን መልሶ ይወስደዋል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» እንደ ተባለው፣ ወጪው ለአንድ መሥሪያ ቤት ብቻ ሲጣል ሸክም ነው፤ መንግሥት፣ ክፍለ ሀገርና መንደር ሲካፈሉት ግን መንገዱ ክፍት ሆኖ ይኖራል።